ለክፉ ቀን የተቀመጠው ቀበቶ

የመሥሪያ ቤታችን ሥራ አስኪያጅ ለሠራተኛ ሕይወት ያላቸው ርኅራኄ ተወርቶ አያልቅም። የግቢውን ትልቅ ዛፍ የሚከረክመው ሰውዬ እንዳይወድቅ ብለው ሄልሜት፣ የደኅንነት ቀበቶና ወፍራም ገመድ አስገዙለት። ዕቃው በመጣ ዕለት «የሰው ልጅ ክቡር ሀብታችን ከመሆኑ አኳያ» በሚል የሚጀምር ንግግር አደረጉ፤ እጃችን እስኪቀላ አጨበጨብን። ከዚያ ዕቃውን ከነላስቲኩ ቢሯቸው ባለው ባለመስታወት ቁም ሳጥን አስገብተው ቆለፉበት።

«የክፉ ቀን ዕቃ በደኅና ቀን አይነካም» አሉ። አርቆ አሳቢነት ማለት እንግዲህ ይኼ ነው።

የከርካሚው ሚስት የቢሮው ጽዳት ሠራተኛ ናትና መስታወቱን በየማለዳው እያበሰች ታብለጨልጨዋለች። ባሏ ደግሞ መጋዙን አንግቶ፣ ያለ ገመድ፣ በባዶ ራሱ ይወጣል።

አንድ ቀን እግሩ ከዳውና ቅርንጫፍ ላይ ተንጠለጠለ። ሚስቱ መወልወያዋን ጥላ ሥራ አስኪያጁ ዘንድ በረረች።

«ጌታዬ፣ ቁልፉን! ባሌ ሊሞትብኝ ነው!»

«ወደቀ?»

«ኧረ ተንጠልጥሏል!»

«ካልወደቀማ ክፉው ቀን ገና አልደረሰም። ተረጋጊ እንጂ፣ እህቴ።»

«ከወደቀ በኋላ ቀበቶው ምን ሊያደርግለት?»

«ይኼ ጥናት የሚያስፈልገው ጥያቄ ነው።»

ጥናቱ ሳይጀመር ከውጭ አንዳች ነገር ጓ አለ። ፈጣሪ ሳይደግስ አይጣላም፤ ከርካሚው የወደቀው ዛፉ ጥላ ሥር በቆመችው በሥራ አስኪያጁ አዲስ መኪና ጣሪያ ላይ ነበር። በወለምታ ተረፈ። ሚስቱ አንገቱን አቅፋ ስታለቅስ እኛም አለቀስን። ሥራ አስኪያጁም አለቀሱ፣ የጎደጎደውን ጣሪያ እየደባበሱ።

«ክፉ ቀን ብሎ ዝም!» አሉና ሄደው ቁም ሳጥኑን ከፈቱ።

ከዚያ ወዲህ ደኅንነት ከወሬ ወደ ተግባር ተሸጋገረ። ዛፍ በሚከረከምበት ቀን መኪናዋ በወፋፍራም ፍራሽ ትሸፈናለች፤ ፍራሹ እንዳይንሸራተት በገመዱ ይታሰራል፣ በቀበቶው ይጠብቃል። ሄልሜቱን ራሳቸው ሥራ አስኪያጁ አጥልቀው ሥራውን ከታች ይቆጣጠራሉ። መኪናዋን ከዛፉ ሥር ማንሳት ግን የማይታሰብ ነው፤ ፀሐይ ቀለሟን ይጎዳዋል።

ከርካሚው ወለምታው ሲሻለው ወደ ሥራው ተመለሰ። እንደ ወትሮው መጋዙን አንግቶ ይወጣል። ሲከረክም ሲከረክም ዛፉ በአንድ ወገን ራሰ በራ ሆነ፣ በሌላው ወገን ቅርንጫፉ የቢሮውን መስኮት ሊሰብር ደረሰ።

ሥራ አስኪያጁ ሄልሜታቸውን እንዳጠለቁ ቀና ብለው ተቆጡ፦

«አንተ! በወዲያኛው በኩል የማትወጣው ለምንድን ነው?»

«በወዲያኛው በኩል መኪና የለማ፣ ጌታዬ።»