ይቅር የተባለው ከርከሮ

ተረት አለኝ፤ ጆሮ ያለው ጠጋ ይበል፣ እንቅልፍ የያዘውም ይተኛ።

ድሮ ድሮ፣ አውሬው ሁሉ ተማሪ በነበረበት ዘመን፣ በአንድ ጫካ ውስጥ ኮሌጆች ነበሩ አሉ። ምን እንደሚማሩ ማንም አያውቅም። ኳስ የገጠሙ ቀን ግን ለመቀመጫ የሚሆን ቅርንጫፍ አይገኝም ነበር።

በደጋው ኮሌጅ ሚዳቋ የምትባል አጥቂ ነበረች። ኳስ ከያዘች ጥላዋ እንኳ አይደርስባትም። የቆላው ተከላካይ ደግሞ ከርከሮ ነው። እሱ እቴ፣ ኳሱን ትቶ እግር የሚፈልግ ጉድ!

በግማሽ ፍጻሜው ሚዳቋ ደጋግማ አታልላ አለፈችው። ዝንጀሮ ከዛፍ ላይ ሆኖ፣ “ከርከሮ፣ አፈር ውስጥ ምን ጠፋብህ? ኳሷ እኮ ሄደች!” አለው። ተመልካቹ በሳቅ ፈረሰ። ከርከሮ ደሙ ፈላ። ዳኛው ጋሽ ኤሊ ፊታቸውን እስኪያዞሩ ጠበቀና እግሯን በክራንቻው ዘነጠለው። እሷ ጮኻ ስትወድቅ እሱም አብሮ ወደቀ። “ወይኔ! ገደለችኝ!” እያለ ተንከባለለ። አያፍርም እኮ!

ጋሽ ኤሊ ቀስ ብለው ዞሩ። ክራንቻው ላይ ደም አዩና ቀይ ካርድ አወጡ። “ለዋንጫውም አትሰለፍም” አሉት። ቆላዎቹ ግን ሚዳቋ የሌለችበትን ቡድን አሸንፈው ለዋንጫ አለፉ።

የቆላው ኮሌጅ ዲን አያ ጅቦ ነበር። ዋንጫ ያለ ከርከሮ አልታየው አለ። በጫካው ደንብ፣ የተበደለ በሽማግሌ ፊት ይቅር ካለ ቅጣቱ ይነሳል። ስለዚህ ነጭ ካባ ያላቸውን ጉሬዛዎች ሰብስቦ ወደ ሚዳቋ ቤት ሄደ። ከርከሮም እንደ ወጉ ድንጋይ በአንገቱ ተሸክሞ ተከተለ። ድንጋይ አልኩ እንጂ ጠጠር ነበረች።

ሚዳቋ እግሯን በልጥ አስራ ተኝታለች።

“ልጄ፣ ሳያስበው ነው። በሽበቴ ተለመኚኝ” አለ ትልቁ ጉሬዛ።

“ዳኛው እስኪዞሩ ሲጠብቅ ምን እያሰበ ነበር?”

አያ ጅቦ ጣልቃ ገባ። “እኔስ ወንድምሽ አይደለሁ? ሚዳቋ እንደምወድ ጫካው ሁሉ ያውቃል!”

ሚዳቋ ወደ ግድግዳው ፈቀቅ አለች።

ጨነቃት። ሽማግሌ ብትመልስ ልበ ደንዳና ተብላ ስሟ ሊጠፋ ነው። ይቅር ብትል ደግሞ ለዋንጫ ከርከሮን የምትገጥመው የዋሻው ኮሌጅ ጥንቸል ናት፤ የጥንቸል እግር ምኑ ይተርፋል? አሰበች፣ አሰበችና ቀና አለች።

“እሺ። ግን ዳኛው ባሉበት ይሁን።”

ጋሽ ኤሊ ተጠሩ። እስኪደርሱ ሽማግሌዎቹ አንቀላፍተው ነቁ።

“በይ እንግዲህ ልጄ።”

“ብቻዬን አፍራለሁ፤ ተቀበሉኝ። ከርከሮ ይቅር!”

“ከርከሮ ይቅር! ከርከሮ ይቅር!” አሉ ጉሬዛዎቹ፣ እንደ ምርቃት ተቀብለው። አያ ጅቦ አስተጋባ። ከሁሉ አብልጦ የጮኸው ግን ራሱ ከርከሮ ነበር።

የዋንጫው ቀን ከርከሮ ማሊያውን ለብሶ፣ ክራንቻውን ስሎ መጣ። ጋሽ ኤሊ በሩ ላይ ቆመዋል።

“ወዴት ነው?”

“ልጫወት ነዋ ጋሽዬ! ይቅር ተብያለሁ እኮ!”

“እኔም ሰምቻለሁ። ከርከሮ ይቅር ተብሏል። ቅር እንግዲህ!”

“ምን ማለት ነው?” ብሎ አያ ጅቦ አጓራ። “ይቅር ብላዋለች!”

“ከርከሮን ይቅር አላለችም ልጄ። ከርከሮ ይቅር ነው ያለችው። እናንተም አብራችሁ ስትሉ በእነዚህ ጆሮዎቼ ሰምቻለሁ። እስቲ ያቺን ‘ን’ ማን በላት?”

ሁሉም ዞሮ አያ ጅቦን አየው።

“እኔ አልበላሁም!” አለ አያ ጅቦ፣ አፉን እየጠረገ።

ጨዋታው ያለ ከርከሮ ተጀመረ። ጥንቸል እንደ ልቧ ፈነጨች፣ ጎልም አገባች፤ ጨዋታው ሲያልቅ በገባችበት እግሯ ወጣች። በምርኩዝ የመጣችው ሚዳቋ ከዳር ሆና እልል አለች።

ከርከሮ ከአጥሩ ውጭ አፍንጫውን በሽንቁር አሾልኮ ሲያይ ዋለ። በመጨረሻም ወደ አያ ጅቦ ዞሮ እንዲህ አለ፦

“የስንቱን እግር ሰብሬ ማንም ያልያዘኝ፣ አንዲት ፊደል ትያዘኝ? ዲን ተብለህስ ምን አስተማርከኝ!”