ጊታሬ ለምን ዝዝዝ ይላል

ቅናት ብዙ ዓይነት ነው። በሰው ቤት የሚቀና አለ፤ በሰው መኪና የሚቀና አለ፤ በሰው ሚስት የሚቀናውን ደግሞ ለሽማግሌዎች እንተወው። የኔ ከሁሉም የሚያሳፍረው ነው። እኔ የቀናሁት በሰው ጊታር ዝምታ ነው። አትሳቁ። ወይም አንዴ ሳቁና ይውጣላችሁ፤ ከዚያ ግን ረጋ ብላችሁ ስሙኝ፤ እናንተም ቤት ውስጥ አንድ ዝም የማይል ዕቃ፣ ጎረቤት ቤት ደግሞ ያው ዕቃ ዝም ብሎ የተቀመጠ እንዳለ አውቃለሁ።

የምኖረው ጋምቤላ ነው። በሥራ ቀን በአንድ ጤና ጣቢያ ካርድ ክፍል ተቀምጬ የሰው ካርድ ስፈልግ እውላለሁ፤ ቅዳሜና እሑድ ግን ኤሌክትሪክ ጊታሬን ትከሻዬ ላይ አንግቼ ከሠርግ ሠርግ እዞራለሁ። ዘፋኟ ባለቤቴ አስካለ ናት። ወላጆቿ በሰፈራው ጊዜ ከወሎ መጥተው እዚሁ ጋምቤላ ክልል፣ አቦቦ የቀሩ ናቸው፤ እሷም እዚያው ተወልዳ፣ የወሎን ዜማ ከእናቷ፣ ሙቀት መቻልን ከአቦቦ ተምራ ያደገች ናት። ከሁለታችን ሌላ አንድ ከበሮ መቺ አለን። ኪቦርድ የለንም። ይህን ኪቦርድ የለንም ያልኩትን ያዙልኝ፤ በኋላ ይፈለጋል።

አሁን ደግሞ የምነግራችሁ የቤታችንን ጉዳይ ነው። ሌላው ጊታር መቺ ክሩን የሚቃኘው በስልኩ ነው። ስልኩን ያስጠጋል፣ አረንጓዴ መብራት ሲበራለት ያቆማል። እኔ እንዲህ ያለ ነገር አላውቅም። ገና ሳንጋባ ጀምሮ፣ ልንጫወት ስንል ወደ አስካለ ዞር እልና «ስጪኝ» እላለሁ። እሷም ዓይኗን ጨፍና፣ ከሆዷ፣ ድምፅዋ የሚያርፍበትን ዝቅተኛውን ቦታ ፈልጋ «እምምም» ትለኛለች። ወፍራሙን ክር በዚያ እቃኛለሁ፤ የቀሩትን በወፍራሙ። በቃ። ይህቺ «እም» የኔ ናት። እናቷ ራሷ በልጇ ላይ እንዲህ ያለ መብት የላትም።

ታዲያ ጊታሬ ዝዝዝ ማለት ጀመረ። መጀመሪያ ወፍራሙ ክር ብቻ ነበር፤ ጠርሙስ ውስጥ እንደገባ ዝንብ። ቀጥሎ አጠገቡ ያለው አብሮት ገባ። አምፕሊፋየር ላይ ሲሰካማ ዝንቡ ዘመድ አዝማዱን ጠርቶ ይመጣል። የሚያውቁ ሰዎች ነገሩን አስረድተውኛል፤ ክሩ ሲርገበገብ በጊታሩ አንገት ላይ የተደረደሩትን ብረቶች እየነካ ነው። እሺ፣ ለምን ይነካል? «የጋምቤላ እርጥበት ነው፤ እንጨቱን አጣሞብህ ነው» አሉኝ። እዚህ ከተማ በር አልዘጋ ሲል እርጥበት ነው፤ ስኳር ሲጋገር እርጥበት ነው፤ ሰው ሲሰንፍም እርጥበት ነው። እኔም አመንኩ። ብሩጎላ መፍቻ ተውሼ ክሮቹ የሚያርፉባቸውን ትንንሽ ብረቶች ከፍ አደረግኳቸው። ዝዝታው ትንሽ ጋብ አለ፤ ክሩ ግን ከአንገቱ ርቆ ሰማይ ስለወጣ እሱን ለመጫን ጣቴ ተላጠ። ዝቅ ሳደርገው ዝንቡ ተመለሰ።

እንግዲህ ኦጁሉ የሚባለው ልጅ የሚገባው እዚህ ላይ ነው። ባሮ ዳር ባለ አንድ ሆቴል ጊታር ይመታል። ረጅም ነው፣ መልከ መልካም ነው፣ አላገባም። ይህ ሁሉ ይቅር ሊባል ይችላል። ይቅር የማይባለው፣ ጊታሩ ከኔ ጊታር ጋር አንድ ዓይነት ሆኖ፣ በአንድ እርጥበት ውስጥ እየኖረ፣ ምንም አለማለቱ ነው። ጥርት ያለ ነው። እኔንም «ጋሼ» ይለኛል። አክብሮት መሆኑን አውቃለሁ። ቢሆንም አስካለን «አስኩ» ብሎ ጠርቶ፣ ወደኔ ዞሮ «ጋሼ» ሲል አንጀቴ ያራል።

የአስካለ እህት ልጇን አቦቦ ልትድር ቀን ቆረጠች። አስካለም አንድ ቀን ምሳ እየበላን እንዲህ አለችኝ፤

«ስማ፣ በገዛ ዘመዶቼ ፊት በዚህ ዝንብህ አታዘፍነኝም። እስከዚያ ካልተሠራ ኦጁሉ ይምታልኝ።»

ጉርሻውን ወደ ትሪው መለስኩ። ከተጋባን ጀምሮ ሚስቴ በሌላ ሰው ጊታር ዘፍና አታውቅም።

ስለዚህ ኩራቴን ዋጥ አድርጌ ጊታሬን ይዤ ወደዚያው ወደ ኦጁሉ ሄድኩ። ተቀበለኝ፤ ስልኩን አስጠጋ፣ ቃኘ፣ መታ። ጸጥ! ዝንቡ የለም። የኔው ጊታር፣ በኔው ዓይን ፊት፣ በሱ እጅ ላይ እንደ ጨዋ ልጅ ተቀመጠ።

«ጋሼ፣ ይሄ ምንም የለውም እኮ» አለኝ።

እንዲህ ያለ ክህደት አይቼ አላውቅም። ቢሆንም ዝም ማለቱ አስደስቶኝ ወደ ቤት በረርኩ። አስካለን ጠርቼ፣ ዝንቡ ኦጁሉ ጋ መጥፋቱን ነገርኳትና «ስጪኝ» አልኳት። «እምምም» አለች። በስልክ የተቃኘውን ትቼ እንደ ልማዴ በሷ ቃኘሁ፤ መታሁ። ዝዝዝዝ።

አስካለ፣ «እሱ ጋ ሲሆን ዝም አለ አላልክም?» አለችና ወደ ሥራዋ ሄደች። ጊታሩ ራሱ ሰው መርጧል።

ሠርጉ ደረሰ። ዳሱ ውስጥ ሙቀቱ ሌላ ነው፤ ጄነሬተሩ ከጓሮ ያጉረመርማል። እኔ ከአማቾቼ ጋር እንደ እንግዳ ተቀምጬ ጥሬ ሥጋ ቀርቦልኛል፤ አልበላ ብሎኛል። ከፊቴ ሚስቴ ማይክ ይዛ ቆማለች፤ ከጎኗ ያ ረጅም ልጅ ከነጸጥተኛ ጊታሩ። የዳሱ ሰው ሁሉ እኔን የሚያየኝ መሰለኝ። ምናልባት አንድም ሰው አላየኝም፤ ቀናተኛ ሰው ሁልጊዜ ተመልካች አያጣም።

ጀመሩ። ጊታሩ ጥርት ብሎ ወጣ፤ አስካለም ገባች። ዜማው ወደ ላይ ሲወጣ ግን አብራው ወጣች፣ ወጣች፣ አንገቷን ዘረጋች፣ ከላይ ስትደርስ ድምፅዋ ስንጥቅ አለ። በሕይወቴ ሰምቼው የማላውቀው ነገር ነው። ደነገጥኩ። እውነቱን ልንገራችሁ፣ ትንሽም ደስ አለኝ፤ ከዚያ ደስ በማለቴ አፈርኩ፤ ሦስቱም ባንድ ጊዜ ነው የመጡት።

ወደ ኦጁሉ ዞር ብላ «ዝቅ አርግልኝ፤ ከፍ ብሎብኛል» አለችው። ጣቱን ብቻ እንዳያዛውር፣ ይህ ዜማ በጣት ሳይጫን በባዶው በሚመታው ወፍራም ክር ላይ የሚንጠለጠል ነው፤ ክሩ ራሱ መውረድ አለበት። እሱም የት ድረስ እንደሚያወርደው ስላላወቀ ግራ ገብቶት አያት። ያኔ አስካለ ዓይኗን ጨፈነች።

«እምምም» አለችው።

የኔን «እም»! ማይክ ላይ! በዘመድ ፊት!

ልነሳ ስል ኦጁሉ የክሩን መወጠሪያ ቁልፍ ማዞር ጀመረ። አወረደ። እሷ ራሷን ነቀነቀች። አሁንም አወረደ። «ገና ነው» አለች። ልጁ ፊቱ ላይ ግርምት እየታየ አወረደ፣ አወረደ፤ እኔም ከተቀመጥኩበት ሆኜ ክሩ እየላላ ሲሄድ አየሁት። ከዚያ መታ።

ዝዝዝዝ!

እግዚአብሔር ይይልህ አትበሉኝ እንጂ፣ ከዚያ የሚጣፍጥ ድምፅ በዚህ ጆሮዬ ገብቶ አያውቅም። የኦጁሉ ጊታር ከነዝንቡ! አስካለ በቦታዋ ሆና ሙሉ ድምፅዋን ለቀቀችው፤ ሰዉም ዝንብ መኖሩን ሳይሰማ ትከሻውን እየሰበቀ ተነሳ። እሷ ግን ሰምታለች። እየዘፈነች በዳሱ ማዶ እኔን ፈልጋ አየችኝና ሳቅ አመለጣት።

ለካ ነገሩ እርጥበት አልነበረም። ስንጋባ የአስካለ ድምፅ ከፍ ያለ ነበር። ልጆች ስትወልድ፣ ዕድሜ ሲጨምር፣ በየዓመቱ ጥቂት ጥቂት ወረደ፤ እኔም በየዓመቱ «ስጪኝ» እያልኩ ክሬን አብሬ አወረድኩ። ድምፁ ከቦታው የማይነቃነቅ ኪቦርድ ቢኖረን ኖሮ ገና ድሮ ይነግረን ነበር። የሚነግረን ስለሌለ ሁለታችንም ሳናውቀው አብረን ወረድን፤ የላላ ክር ደግሞ ሲርገበገብ ሰፊ ቦታ ይፈልጋል፣ ብረቱንም ይነካል። ኦጁሉ ጋ ዝም ያለው በስልኩ ሲቃኘው ክሩን መልሶ ስላጠበቀው ነበር። እኔ በጊታሬ ስናደድ የከረምኩት ትዳሬ መቆየቱን ስለነገረኝ ነው።

መድኃኒቱ ቀላል ሆነ። ከአዲስ አበባ የሚመጣ ሰው ከድሮዎቹ ሁሉ የሚወፍሩ ክሮች አመጣልኝ፤ ድምፃቸው ቢወርድም የማይላሉ። ቀየርኩ። ዝንቡ ሞተ። አስካለም ወደ ጊታሯ ተመለሰች፤ ማለቴ፣ ወደ እኔ።

ባለፈው ሰሞን ኦጁሉ መጥቶ አዳመጠኝ። ጎንበስ ብሎ የጊታሬን አንገት አየ፣ ብረቶቹን አየ፣ ግራ ገባው።

«ጋሼ፣ አስኩ ባለችው ቦታ ላይ ሆኖ እንዴት ዝም አለልህ? የኔ እምቢ ብሏል። ምን አደረግክለት?»

ደግ ልጅ ነው። የኔን ጊታር በነፃ አይቶልኛል። ነገር ግን ያቺ «እም» አሁንም አልዋጥልኝ ብላለች።

«ሚስት አግባ» አልኩት፤ «ከዚያ ታገሥ።»

ስለ አዲሶቹ ወፍራም ክሮች አንዲት ቃል አልተነፈስኩም።