በጭስ የተለካ እርካታ

የመሥሪያ ቤታችን ኃላፊ አቶ ፍሬምናጦስ ለሠራተኛ ያላቸውን ርኅራኄ ሳልመሰክር ብሞት አፈሩም አይቀለኝም። ሌላው ኃላፊ ሠራተኛው ደስ ብሎት እንደሆነ ጠይቆ ነው የሚረዳው። የእኛ ግን፣ ዕድሜ ይስጣቸውና፣ በጥያቄ አያደክሙንም። አሽትተው ያውቃሉ።

ይህን ጥበብ ያመጡት ከሥልጠና ነው። ወደ ሰመራ በተመለሱ ማግስት ሰበሰቡን። የአዳራሹ ማራገቢያ ከቆመ ሰንብቷል፤ በያዝነው ወረቀት እያራገብን ሰማናቸው።

"ሥራው ያላረካው ሠራተኛ ያጨሳል። ይህንን ከግንዛቤ በማስገባት፣ ከዛሬ ጀምሮ የሚያጨስ ቅሬታ አለው፣ የማያጨስ ረክቷል የሚል አቅጣጫ ተቀምጧል።"

አጨበጨብን። በዚያ ሙቀት ጥያቄ ማንሳት ስብሰባ ማስረዘም ነው።

ከመካከላችን የሚያጨሰው ውብሸት ብቻ ነበር። ውብሸት ደግሞ በሥራው የተማረረ ሰው ፈልጉ ቢባል ማንም የማይጠራው ሰው ነው። ሰመራን ለምዷል፤ ሚስቱም እዚሁ አስተማሪ ናት። ከሐቢባ ሻይ ቤት ሻዩን ጠጥቶ ይመጣና ከግቢው ግራር ሥር ቁጭ ብሎ አንዷን ሲለኩስ፣ የሱን ያህል የደላው አልነበረም። ኃላፊው በመስኮት አዩትና እየተጣደፉ ወጡ።

"ውብሸት፣ ምን በደልንህ?"

"ኧረ ምንም ጌታዬ። ስለሚጥመኝ ነው የማጨሰው።"

"አያችሁ?" አሉ ወደ እኛ ዞረው። "ብሶቱ ከመብዛቱ የተነሣ ራሱም አያውቀው።"

በዚያው ሰሞን ደሴ ባለው ቅርንጫፍ አንድ ክፍት ቦታ ተገኘ። ያን ቦታ ስትጠብቅ የኖረችው የመዝገብ ቤቷ አትክልት ናት። ትንሿ ልጇ ደሴ፣ እህቷ ዘንድ ነው የምታድገው፤ ይኸው አሁን አክስቷን "እማዬ" ማለት ጀምራለች። አትክልት ይህን ነገረችኝና ተነሥታ ኃላፊው ዘንድ ገባች።

"ልጄ እየረሳችኝ ነው ጌታዬ። የደሴውን ቦታ ለኔ ይስጡኝ።"

"ታጨሻለሽ?"

"በስመ አብ! እኔ?"

"እንግዲያው ረክተሻል። የረካ ሠራተኛ ከቦታው አይነቀልም።"

ቦታው ለውብሸት ተሰጠ። "ኧረ ጌታዬ፣ ሚስቴ እዚህ፣ ኑሮዬ እዚህ" ቢል፣ "ለኛ ብለህ አትጎዳ" ብለው ራሳቸው መኪና ላይ አሳፈሩት። እንደ ሕፃን እያለቀሰ ሄደ። የደስታ እንባ መሆኑን ኃላፊው አብራሩልን። አላዋቂ ሳሚ ንፍጥ ይለቀልቃል ያሉ ምላሰኞች ነበሩ፤ እኔ የለሁበትም።

በማግስቱ አትክልት ሲጋራ ገዝታ ከግራሩ ሥር ቆመች። በነጠላዋ ከለል ብላ አንዴ ሳበችና ዓይኗ እስኪቀላ አሳላት። ኃላፊው ወጡ።

"ከመቼ ወዲህ ነው?"

"ከዛሬ።"

"ያስታውቃል። ቅሬታሽ ገና ጀማሪ ነው፤ ሲጠነክር እናየዋለን።"

"ጌታዬ፣ ውብሸት እኮ ቦታውን ቢለቅልኝ ደስታው ነው። ራሱን ይጠይቁት።"

ኃላፊያችን ፍትሕ ወዳድ ናቸው። እዚያው ደወሉ፤ ሁላችንም እንድንሰማም የስልኩን ድምፅ ከፍ አደረጉ።

"ውብሸት፣ ደሴ እንዴት ነው? ማጨሱስ?"

"ትቼዋለሁ ጌታዬ። ከመጣሁ ወዲህ ምንም አይጥመኝም፤ እህል እንኳ አስጠልቶኝ..."

ኃላፊው "ትቼዋለሁ" ከሚለው ወዲያ አልሰሙም። ስልኩን ዘግተው ዓይናቸውን በመሐረብ ጠረጉ።

"ረካ" አሉ። "አየሽ አትክልት? ሰውየው ገና አሁን ደስታውን ማግኘቱ ነው። ከዚያ አንሥተን መልሰን እናስጨሰው? አንጀትሽ ይችላል?"

ይህን ስኬት ለሚቀጥለው ሥልጠና ሊያዘጋጁት ወደ ቢሯቸው ገቡ። አትክልት ሌላ ሲጋራ አውጥታ ክብሪት ጠየቀችኝ። ይሄኛውን የለኮሰችው ለኃላፊው ብላ አልነበረም።