አቶ መክብብ ባርበርነታቸውን ያወጁበት ዜና

ንጽሕፍ እንከ ዜናሁ ለመክብብ ዘመቱ፣ ሥዩመ መቀስ፣ ላጻዬ አርእስት። «ዘመቱ» ማለታችን የመቱ ሰው ለማለት ነው እንጂ ጦር ይዘው ዘመቱ ለማለት አይደለም፤ ምንም እንኳ ኋላ መዝመታቸው ባይቀር።

በዘመነ ሉቃስ፣ ኢሉባቦር ክፍለ ሀገር መባሏ ቀርቶ ዞን ከተባለች ወዲህ፣ ባጃጅ በመቱ አስፋልት ላይ ነግሦ እግረኛውን ባስገበረበት ዘመን፣ በወርኀ ግንቦት፣ በዕለተ እሑድ፣ አቶ መክብብ እንደ ልማዳቸው ማልደው ተነሥተው፣ ነጭ ጋዋናቸውን ለብሰው፣ የጸጉር ቤታቸውን በር ከፈቱ። ከበሩም በላይ ታፔላ ነበረ፤ በኦሮምኛም በአማርኛም «የመክብብ ጸጉር ቤት» ይላል፣ እዚህ ላይ ሐሰት የለበትም። ከሥሩ ግን በእንግሊዝኛ፣ በቀይ ቀለም፣ «ሄርድሬሰር» የሚል ተጽፎ ነበር። የመከራው ሁሉ ሥር ይህ ነው።

ታፔላው በተሰቀለ ሰሞን ታናሽ እኅታቸው ገሊላ፣ መናኸሪያው አጠገብ የሴቶች ጸጉር ቤት ያላት፣ የቢጎዲንና የካስክ እመቤት፣ ቀና ብላ አነበበችና፣ «ጋሼ፣ ሄርድሬሰር እኮ የሴት ጸጉር የሚሠራ ነው። ያንተ ባርበር ነው የሚባለው» አለቻቸው። እሳቸው ግን፣ ሄርድሬሰር ፊደሉ ብዙ ስለሆነ ክብሩም ብዙ መስሏቸው፣ ባርበር የሚለው ቃል ደግሞ ለጆሯቸው በርበሬ በርበሬ ስለ ሸተታቸው፣ ደንበኛ በሞላበት፣ «እኔ በርበሬ አልቸረችርም! አንቺ ሂጂና ሹሩባሽን ጎንጉኚ!» ብለው አዋረዷት። እሷም ፊቷን አዙራ ሄደች። ከዚያ ወዲህ ወንድምና እኅት በመንገድ ሲተላለፉ እሷ ጫማዋን፣ እሳቸው ደመናውን ያዩ ነበር። የትንሣኤ ዕለት እንኳ አቶ መክብብ ለብቻቸው ዳቦ በሻይ ገደፉ፤ ይህን መጻፍ ለጸሐፊው ይከብደዋል፣ ግን ሆኗል።

በዚያች እሑድ ማለዳ በወንበራቸው ላይ የተቀመጠው፣ ከጎጃም ተመድቦ መቱ ከገባ ገና ወር ያልሞላው የባንክ ሠራተኛ ሰይፈ ሚካኤል ነበረ። የራሱ ቀኝ ወገን አምሮ፣ ግራው እንደ ዱር ሳለ፣ ከጎሬ የመጣ ሚኒባስ በሩ ላይ ተገትሮ ቆመ። ከውስጡም ጸጉሯን በሻሽ የጠቀለለች ሙሽራ ወረደች፣ ስሟም ሃይማኖት፤ ተከትለዋትም ሚዜዎቿ፣ ቀሚሳቸውን ከጭቃው የሰበሰቡ፤ ከሁሉም በኋላ አክስቷ እትዬ ሙላቷ፣ ጃንጥላቸውን እንደ በትረ መንግሥት ያነሡ። ጎሬ መብራት ጠፍቶ ካስኩ ሁሉ ድርቅ ስላለ፣ ጸጉር የሚሠራ ፍለጋ ቁልቁል ወደ መቱ ወርደው ነበር። እትዬ ሙላቷም እንግሊዝኛ ቆጠር ያደርጋሉና፣ ታፔላውን አንብበው፣ «ሄርድሬሰር እርስዎ ነዎት?» ሲሉ ጠየቁ።

አቶ መክብብ ታፔላቸውን ቀና ብለው አዩት፤ ቃላቸውን ማጠፍም ነውር መሰላቸው።

«ነኝ» አሉ።

«እንግዲህ ቶሎ ይበሉልን። ሙሽራው በስድስት ሰዓት ከች ይላል፤ ጸጉሯ ሳይሠራ ቢያገኛት የጎሬ ሰው ዕድሜ ልካችንን ሲያወራብን ይኖራል።»

ወዲያውም ሰይፈ ሚካኤል ከነፎጣው ተነሣ፣ ሙሽራይቱም በቦታው ተቀመጠች። ሻሹ በተፈታ ጊዜ ጸጉሯ ተዘርግፎ የወንበሩን መደገፊያ አለበሰው። በቤቱ ውስጥ ቢጎዲን የለም፣ ካስክ የለም፤ ያለው መቀስ፣ ምላጭ፣ አልኮልና ቶንዶስ ነው። በግድግዳው የተለጠፉት ኳስ ተጫዋቾችም፣ ሁሉም አጭር ተቆራጮች፣ አፍጥጠው አዩአቸው። አቶ መክብብ ላብ አጠመቃቸው፤ እጃቸውም ሌላ የሚይዘው ቢያጣ የለመደውን ቶንዶሱን አንሥቶ አስነሣው። ቶንዶሱ ጮኸ፣ ሚዜዎቹም አብረውት ጮኹ። ሙሽራይቱ ግን በመስተዋቱ አይታ፣ ዓይኗን ጨፍና፣ ቀስ ብላ፣ «ይህን ጸጉር እናቴ ናት እስክትሞት ድረስ ስታበጥር ያሳደገችው። አደራ ጋሼ፣ እንዳያሳጥሩብኝ» አለች።

ያን ጊዜ የሥዩመ መቀስ ቶንዶስ በአየር ላይ ቀረ። እሳቸውም እናታቸው ካረፉ በኋላ ትንሿን ገሊላን በእንጨት ሚዶ ሲያበጥሩ፣ እየጎተቱ ሲያስለቅሷት፣ በመጨረሻም፣ «ስጠኝ፣ ራሴ እሠራዋለሁ» ብላ ሚዶውን ስትነጥቃቸው ትዝ አላቸው። ቶንዶሱን አጠፉ፤ ጉሮሯቸውን ጠረጉ፤ ድምፃቸውም እስከ አስፋልቱ ማዶ እስኪሰማ ድረስ እንዲህ ሲሉ አዋጅ ነገሩ፦

«ስሙኝ እናንት የጎሬ ሰዎች! የመቱም ሰው ይስማ! እኔ ሄርድሬሰር አይደለሁም! እኔ ባርበር ነኝ! ወንድ የመጣ እንደሆነ ራሱን አስተካክላለሁ፣ ጢሙን እላጫለሁ፤ የሴት ጸጉር ግን አላውቅበትም። የምታውቅበት እኅቴ ናት!»

«ታድያ ታፔላው ምን ሆኖ ነው?» አሉ እትዬ ሙላቷ፣ ጃንጥላቸውን ወደሱ ቀስረው።

«ዋሽቷል እትዬ። ያስዋሸሁትም እኔ ነኝ። አሁን ይነሡ፣ እንሂድ።»

ዘመቱም። ሚኒባሱ ሌላ ተሳፋሪ ጭኖ ሄዶ ነበርና፣ የሰፈሩ ባለ ባጃጅ አብደታ ሙሽራይቱንና አክስቷን ጫነ፤ የቀረው ሠራዊት በእግሩ ተከተለ። አቶ መክብብ በነጭ ጋዋን ከፊት፤ ሚዜዎቹ ጫማቸውን በእጃቸው ይዘው ከኋላ፤ ከጭፍራው መጨረሻ ደግሞ ሰይፈ ሚካኤል፣ ፎጣው ባንገቱ፣ ግማሽ ራሱን ማን እንደሚጨርስለት ሳያውቅ። ካህን ከቅዳሴ ሲመለስ አይቷቸው አማተበ፤ ዝናብም ጣለ።

ገሊላ በር ላይ ቆማ ነበር። ወንድሟን ከነሠራዊታቸው ባየች ጊዜ እጇን አጣምራ፣ «የጠፋብህ ነገር አለ?» አለቻቸው።

አቶ መክብብ ለመላው ጎሬ ያወጁትን ቃል ለአንዲት እኅታቸው መናገር ጨነቃቸው። በአፍንጫቸው ላይ የሚወርደውን ዝናብ በጋዋናቸው እጅጌ ጠረጉ።

«ገሊላዬ» አሉ በመጨረሻ፣ «አንቺ ሄርድሬሰር ነሽ። እኔ ባርበር ነኝ።»

«አልሰማሁም።»

«ባርበር ነኝ አልኩሽ! በሰው ፊት ያዋረድኩሽን በሰው ፊት ይቅር በይኝ።»

ገሊላ ወደ ሙሽራይቱ ጸጉር፣ ከዚያም ወደ ወንድሟ የራሰ ጋዋን ተመለከተች። ያጣመረችውን እጇን ፈትታም በሩን በሰፊው ከፈተች። «ግቡ» አለች። «ጋሼ፣ አንተ አትገባም። ቧንቧው ከትናንት ወዲያ ጀምሮ ጠፍቷል፤ ውኃ አምጣልኝ።»

እነሆ ሁለተኛው ዘመቻ። አቶ መክብብ ጀሪካን አነሡ፤ ሰይፈ ሚካኤልም የራሱ ነገር በእሳቸው እጅ ነውና ሌላውን ጀሪካን አነሣ፤ አብደታ ምንጭ ድረስ በባጃጅ አደረሳቸው። ሲመለሱ ባጃጁ ጭቃ ያዘው፤ የቀረውን መንገድ ተሸክመው ወጡ። አብደታም ከኋላ ሆኖ በኦሮምኛ፣ «ደፋ! ደፋ!» እያለ ፍጠኑ ሲላቸው፣ ለአገሩ እንግዳ የሆነው ሰይፈ ሚካኤል በየርምጃው እየቆመ፣ «ኧረ ጠብታ አልደፋሁም!» እያለ ይምል ነበር።

ውኃው ደረሰ። ጸጉሩ ታጠበ፣ በቢጎዲን ተጠቀለለ፣ በካስክ ደረቀ፣ ተፈታ። ሃይማኖት በመስተዋቱ ራሷን አይታ፣ ጸጉሯን በጣቷ ጫፍ ነካ አድርጋ፣ «እናቴ ብትሠራኝም እንዲህ ነው የሚሆነው» አለች። እትዬ ሙላቷ እልል አሉ። አብደታም ባጃጁን ከጭቃው አውጥቶ፣ አሳቻ መንገድ አቋርጦ ከመናኸሪያው ወጥቶ ለነበረ የጎሬ ሚኒባስ አደረሳቸው፣ ሙሽራው ከመድረሱም አስቀድመው ጎሬ ገቡ።

ሰይፈ ሚካኤል በዚያው በሴቶች ጸጉር ቤት፣ በካስኩ ሥር ተቀምጦ፣ ግራ ወገኑ ተስተካከለለት፤ ወንድም ቆረጠ፣ እኅት፣ «እዚህ ጋ ትንሽ ቀርቶሃል» አለች። በማግሥቱ ገሊላ መሰላል ይዛ፣ አቶ መክብብ ላዩ ላይ ወጥተው፣ አሮጌውን የእንግሊዝኛ ቃል ቀለም ቀብተው ትክክለኛውን በእጃቸው ጻፉ። ምሳም አብረው በሉ።

እንግዲህ ማን ይመስላቸዋል? አገር ያቀኑ ብዙዎች ናቸው፤ ስሙን ያቀና ግን ጥቂት ነው። ኦ መክብብ ዘመቱ፣ ኃያል በመቀስ፣ ትሑት በጀሪካን! መብራት አይጥፋብዎ፣ ምላጭዎ አይደንዝ፣ እኅትዎ አትኩረፍብዎ፣ ደንበኛዎ ሁሉ እስከ ሽምግልናው ድረስ ራሱ አይመለጥብዎ። አሜን፣ ለይኩን፣ ለይኩን።