በቴምር ጥላ ሥር ማተብ ፍለጋ

ድሮ ወሬ በእግሩ ነበር የሚመጣው። ከአንኮበር ተነስቶ ደብረ ብርሃን እስኪደርስ መንገዱ ያደክመዋል፤ ያረፈበት ቤት ሁሉ ትንሽ ይቀንስለታል፣ ትንሽ ይጨምርለታል፤ እናንተ ጋ ሲደርስ ግማሹን አምናችሁ ግማሹን ትተዉታላችሁ። ዛሬ ወሬ ከነፎቶው ነው የሚመጣው። ፎቶ ደግሞ ክፉ ነው። አይከራከርም፣ አያብራራም፤ ዝም ብሎ ያያችኋል። የቀረውን የምትሞሉት እናንተው ናችሁ፤ የተጨነቀ ሰው ደግሞ ሲሞላ አይቆጥብም።

እኛ ቤት የደረሰው ፎቶ የእህቴ የእታገኘሁ ነበር። እታገኘሁ አል አይን የምትባል የአረብ ከተማ ከገባች ዘጠኝ ዓመቷ ነው። በረሃ መሃል ሆና በምንጭ ውሃና በቴምር ዛፍ የምትኖር ከተማ ናት። እህቴ እዚያ ሰው ቤት ምግብ እንደምታበስል ነበር የምናውቀው። ፎቶው ላይ ግን ከራስ እስከ እግሯ ጥቁር ለብሳ፣ ከቅንድቧ እስከ ከንፈሯ የሚደርስ ወርቅማ ጭምብል አጥልቃ ምንጣፍ ላይ ተቀምጣለች። ፎቶውን የለጠፈው አንድ የማናውቀው ጎብኚ ነው። እሷ መሆኗን የለየችው የአክስታችን ልጅ ናት፤ በግራ እጇ ጠባሳ።

አባታችን አንኮበር ውስጥ ዕድሜያቸውን በቤተ ክርስቲያን አገልግሎት የጨረሱ መሪጌታ ናቸው። ፎቶውን አዩ። ሦስት ቀን ከቤት አልወጡም፤ በአራተኛው ቀን እኔን ከማስተምርበት ከደብረ ብርሃን አስጠሩኝ።

"የእህትህ ማተብ ካንገቷ አለ ወይስ የለም? ሂድና በዓይንህ አይተህ ንገረኝ" አሉኝ።

የግማሽ ዓመት ዕረፍት ስለነበር ማመካኛ አልነበረኝም። ቪዛዬን ስጠብቅ ጭንቀቴን ለጋሽ ሰይድ አዋየኋቸው። ጋሽ ሰይድ የአልዩ አምባ ሰው ናቸው፤ ደብረ ብርሃን ጋቢ ይነግዳሉ። "ወላሂ አባትህ እውነት አላቸው" አሉኝ። "የኔም ልጅ መስቀል አንጠልጥላ ፎቶ ብትልክልኝ እህል አይወርድልኝም። ግን ልጄ፣ ከማየትህ በፊት ጠይቃት።"

መጠየቅ! እኔን የላኩኝ ለማየት ነው። ደግሞስ ሰው እህቱን "ሃይማኖትሽን ለወጥሽ ወይ?" ብሎ በየት በኩል ይጀምራል?

እታገኘሁ አውሮፕላን ማረፊያ ድረስ መጥታ ተቀበለችኝ። ጭምብሉ የለም። ጥቁር ቀሚስ ለብሳለች፤ ሻሿ ግን አንገቷ ላይ ሁለቴ ዞሮ፣ እንደ ቁስል ፋሻ ጥብቅ ብሎ ታስሯል። "ጋሼ!" ብላ ስትጠመጠምብኝ እኔ በትከሻዋ በኩል ወደ አንገቷ ሥር አጮልቅ ነበር። ክር የሚመስል ነገር አላየሁም።

ከዚያ በኋላ ያለውን አምስት ቀን አስጎበኘችኝ። በጭቃ ግንብ መሃል እያለፉ፣ ቴምሩን በተራ የሚያጠጡ ቦዮች አሳየችኝ። ጸጥ ያለ ጥላ ነው፤ ሌላ ሰው ቢሆን ነፍሱ ትረጋጋለች። የድሮ ሹሞች የኖሩበትን ምሽግ አሳየችኝ። የግመል ገበያም ወሰደችኝ። በዚያች ከተማ ግመሉ ሁሉ አንገቱን አሳይቶኛል። ያላሳየችኝ እህቴ ብቻ ናት።

"ይሄ ሻሽ አይሞቅሽም?" እላታለሁ።

"ለምጄዋለሁ ጋሼ።"

ጎንበስ ስትል ጎንበስ እላለሁ። ነፋስ ሲነሳ ደስ ይለኛል። ውሃ ስትጠጣ እንኳ ጉሮሮዋን አጅቤ ምራቄን እውጣለሁ። አንድ አስጎብኚ ስለ ቦዮቹ ታሪክ ሲያስረዳኝ እኔ ራሴን የምነቀንቀው ለእሷ አንገት ነበር።

በስድስተኛው ቀን "ዛሬ የምሠራበትን ላሳይህ" አለችኝ።

የወሰደችኝ የጥንት አረቦችን አኗኗር ለጎብኚ ወደሚያሳዩበት ግቢ ነው። በቴምር ዝንጣፊ የተሠሩ ጎጆዎች ተደርድረዋል። እሷ ወደ አንዱ ገብታ ስትወጣ ያ ፎቶ በእግሩ ቆሞ መጣ፤ ጥቁሩ ልብስ፣ ወርቅማው ጭምብል፣ ሁሉም። ሄዳ ምንጣፉ ላይ ከአንዲት አሮጊት አጠገብ ተቀመጠች፤ የቴምር ቅጠልም መስፋት ጀመረች። ጎብኚው ስልኩን ደቀነ። አስጎብኚው "ከጥንት ጀምሮ የአረብ እናቶች የሚሠሩት ጥበብ" አለ። ጠጋ ብዬ አየሁት። ስፌቱ ላይ የወጣው ጥለት እናታችን ሰፌድ ላይ የምታወጣው ነው!

ጎብኚዎቹ ሲያልፉ እኔ አሁንም ዓይኔ አንገቷ ላይ ነበር። ጭምብሏን አወለቀች።

"ጋሼ፣ ከመጣህ ጀምሮ አንገቴን ነው የምታየው። ምን ፈልገህ ነው?"

"ምንም" ብዬ ዋሸሁ።

"ፎቶውን አይታችሁት ነው፤ አይደል?" አለችና እጇን ሻሿ ውስጥ ከትታ ክሩን ሳበችው። ከርጅና ብዛት ጥቁሩ ወደ ቡኒ የሄደ ማተብ ነው። "ይኸው። እኚህ አሮጊት የምሠራበት ቤት እመቤት ናቸው። እዚህ እየመጡ የሚሰፉት እሳቸው ነበሩ፤ ጣታቸው እምቢ ሲል እኔን አስቀመጡኝ። ልብሱም ጭምብሉም የሥራ ልብስ ነው። ዓምና ሦስት ሳምንት ሆስፒታል ተኝቼ ያስታመሙኝም እሳቸው ናቸው።"

"ሆስፒታል? ለምን አልነገርሽንም?"

"ማን ጠየቀኝ? ዘጠኝ ዓመት ሙሉ 'ታመሽ ታውቂያለሽ ወይ?' ያለኝ የለም። ለአንገቴ ግን ሰው ተላከ።"

አሮጊቷ የተባባልነው ባይገባቸውም ፊቴን አይተው ይመስለኛል፣ ቴምር የሞላ ሳህን ወደ እኔ ገፋ አደረጉልኝ። አንድ አነሳሁ።

ቴምሩን በእጄ እንደያዝኩ ከጎጆው ራቅ ብዬ አንኮበር ደወልኩ።

"አባዬ፣ ማተቧ አለ። በዓይኔ አየሁት።"

"ተመስገን!" አሉ አባታችን። ረዥም ተነፈሱ። ከዚያ ድምፃቸው ቀጠነ። "እሺ፣ ልጄ እንዴት ናት? ከስታለች? ፊቷ ምን ይመስላል?"

ስለ አንገቷ ቢጠይቁኝ የሻሹን እጥፋት እንኳ ቆጥሬ እነግራቸው ነበር። ስለ ፊቷ ግን የምናገረው አንድም ነገር አልነበረኝም።

"ይቆዩ አባዬ" አልኳቸው ወደ ጎጆው እየዞርኩ። "ገና ልያት ነው።"