አፌ ላይ የወጣውና ሌላው

በሽታም እንደ ሰው ማዕረግ አለው። ጨጓራን እዩት። ጨጓራ ያለበት ሰው ድግስ ቤት ገብቶ ገና ሳይቀመጥ «እኔን እንኳ ጨጓራዬ አይፈቅድልኝም» ብሎ ያውጃል፤ አጠገቡ ያለውም የራሱ ጨጓራ ስንት ዓመት እንደሆነው ይነግረዋል፤ እንዲህ እየተባባሉ ቁርጡን ይጨርሱታል። ደም ግፊትም የተከበረ ነው። በሌላ ወገን ደግሞ ስሙ የማይጠራ፣ ቦታው የማይነገር ሕመም አለ። እሱ የያዘው ሰው «እንዴት ነህ?» ሲሉት «እግዚአብሔር ይመስገን» ይልና አቀማመጡን አመቻችቶ ፈገግ ይላል። እኔ ለአራት ዓመት እንዲያ ፈገግ ስል ነበር።

ንፋስ መውጫ ታሪክ አስተምራለሁ። የመምህር እንጀራው አፉ ነው፤ የእኔ አፍ ግን በየወሩ ይቆስል ጀመር። ምላሴ ጠርዝ፣ ከንፈሬ ውስጥ፣ ጉንጬ ላይ፣ ዙሪያው ቀይ መሀሉ ነጭ የሆነ ቁስል ይወጣል፤ ወጥ መቅመሱ ቀርቶ ምራቅ መዋጥ ያስለቅሳል። መድኃኒት አዋቂው በዛ። የሚስቴ የሙሉ እናት ከወገዳ መጥተው «ምች ነው» አሉና ዳማ ከሴ አሹልኝ። አንድ ባልደረባዬ «ሰው አምተህ ነው» አለኝ። (አምቼስ ነበር፤ ያማሁት ግን እሱን ነው።) ሌላው «ሎሚ በጨው ሞክር» አለኝ፣ ሞከርሁ። ጠላትህ ካልሆነ በቀር ለማንም እንዳትመክር።

ለሰው የነገርሁት የአፌን ብቻ ነው። ያው ቁስል ከቀበቶ በታችም ይወጣብኝ ነበር። ማን ያምነኛል? ከሙሉ ሌላ ሴት አላውቅም፤ ሆኖም የትኛው ሽንት ቤት፣ የትኛው ሆቴል አልጋ ይሆን እያልሁ ራሴን ስመረምር ከረምሁ። ሙሉም እያየች ዝም አለች። ልብስ የምታጥበው እሷ ናት፤ ምን ይደበቃታል? አልጋችን መሀል ትራስ እንደ ድንበር ድንጋይ ገባ። አንድ ቀን ምሳ አቅርባ ፊቴን ሳታይ፣

«የሆነ ነገር ካለ ንገረኝ። ልጆች አሉን» አለችኝ።

«ምን ይኖራል?» አልኋት። ውሸት አልነበረም። እውነትም አልነበረም።

ጤና ጣቢያ ድሮ ያስተማርኋት አንዲት ነርስ አለች። አፌን ላሳያት ሄድሁ። በባትሪ አየችና ተነሥታ በሩን ዘጋች።

«መምህር፣ እንዲህ ያለ ቁስል ሌላ ቦታስ ይወጣብዎታል?»

«የለም።»

ዝም ብላ ጠበቀች። የቤት ሥራውን ያልሠራ ተማሪ ሲዋሸኝ እኔ የምጠብቀው አጠባበቅ ነው፤ ከእኔው ተምራዋለች። ጫማዬን እያየሁ «ይወጣል» አልሁ። አልደነገጠችም።

«ዓይንዎስ ይቀላል?»

«አንዳንዴ።»

«እንግዲያው ሳይዘገዩ ባሕር ዳር ይሂዱ። ባለቤትዎም አብረው ቢሄዱ ጥሩ ነው።»

ቤት ገብቼ ለሙሉ ሁሉንም ነገርኋት። «እኔም እመጣለሁ» ብቻ አለች። መንገዱ ክፍት በሆነበት ሳምንት በሚኒባስ ወረድን። እስክንደርስ ያወራነው ስለ ገብሱ አዝመራ ብቻ ነው።

ሐኪሙ ጠየቀኝ፣ ደሜን አስመረመረ፣ ዓይኔን ለሌላ ሐኪም አሳየ፤ በሦስተኛው ቀን ሁለታችንን አስቀምጦ የበሽታውን ስም ነገረን። ቤሼት ይባላል። በሽታ ሊል ምላሱ የተሰናከለ ሰው ያወጣለት ስም ይመስላል። ሰውነትን እንዲጠብቅ የተቀመጠው ዘበኛ ዞሮ በገዛ ቤቱ ላይ ሲተኩስ የሚመጣ፣ እየሄደ እየተመለሰ ዕድሜ ልክ የሚከተል ሕመም ነው አለን። ሙሉ ግን አንድ ጥያቄ ብቻ ነበራት።

«ከሰው የሚመጣ ነው?»

«አይደለም እናቴ። ከሰው አይመጣም፤ ወደ ሰውም አይሄድም።»

ሙሉ ነጠላዋን ወደ ፊቷ ሳበች። ታለቅሳለች ብዬ እጄን ብሰድ፣ ትስቃለች። ጠጋ ብዬ ሳይ ታለቅሳለችም። ዕድሜ ልክ የማይለቅ በሽታ እንዳለበት ተነግሮት እንደ እኛ ደስ ብሎት የወጣ ባልና ሚስት ያ ሐኪም አይቶ የሚያውቅ አይመስለኝም።

ሁለት ትንንሽ ቱቦ ቅባት አዘዘልኝ። አንዱ ለአፍ ነው፤ ቁስሉን በንጹሕ ጨርቅ አድርቆ በስሱ መቀባት፣ ከዚያ ግማሽ ሰዓት አለመብላት፣ አለመጠጣት፣ ከተቻለም አለመናገር። ሌላው ለሌላው ነው። ቁስሉ ብቅ ሲል፣ ለተባለው ቀን ብቻ። ዓይኔ ከቀላ ወይም ከደበዘዘ ግን ሳልውል ሳላድር መምጣት። ቤት ገብቼ ቅባቱን በጀመርሁ በአራተኛው ቀን ማለዳ ምላሴን ጥርሴ ላይ አሳለፍሁት፤ ምንም አላለኝም። ሙሉ ሽሮ በስንግ ቃሪያ አቀረበች። ዓይኔ እንባ አቀረረ፤ ቃሪያው አቃጥሎኝ ነው። እንዲያ ያለ ማቃጠል ናፍቆኝ ነበር። ያ ትራስም ወደ ራስጌው ተመለሰ።

ያን ሰሞን መምህራን ክፍል ውስጥ «ምን ሆነህ ነው የጠፋኸው?» ቢሉኝ የላይኛውንም የታችኛውንም ነገርኋቸው። ሁሉም ብርጭቆውን መመርመር ያዘ። አንድ የሒሳብ መምህር አለን፤ የሦስት ሰዓት ስብሰባ ቢሆን ግድግዳ ተደግፎ ቆሞ የሚከታተል፣ ርእሰ መምህሩ በትጋቱ ምሳሌ የሚያደርጉት። ሰዉ ሲወጣ ወደ ኋላ ቀረና በሹክሹክታ «ያቺ ነርስ ኪንታሮትም ታያለች?» አለኝ።

ሐሙስ አብረን እንሄዳለን። በእግር ይሻለኛል ብሏል።