የጆሮዬ ቱቦና የወንድሜ ጋብቻ

በእኛ አገር ያስነጠሰ ሰው «ይማርህ» ይባላል። ያሳለ ሰው ዝንጅብል ይታዘዝለታል። ያገሳ እንኳ «ጠግቦ ነው» ተብሎ በክብር ይታለፋል። ያዛጋ ሰው ግን ማን አለው? አንዴ ቢያዛጋ እንቅልፍ የጎደለው ይባላል። ቢደግም ጨዋታችን ሰልችቶት ነው ተብሎ ይታማል። ከዚያ በላይ ከቀጠለ ደግሞ ጉዳዩ ከሰውየው እጅ ወጥቶ ወደ ዓይነ ጥላ ክፍል ይዛወራል። ይህን ሕግ የማላውቅ እንዳይመስላችሁ፤ ተወልጄ ያደግሁት እዚሁ ደብረ ማርቆስ ነው። ታዲያ እያወቅሁ ለምን አዛጋሁ? ልነግራችሁ ነው፤ ትንሽ ታገሡኝ፣ እኔ ራሴ ትዕግሥት የሚባል ነገር ባይኖረኝም።

ታናሽ ወንድሜ ጌትነት አንዲት ልጅ ወደደ። ስንታየሁ ትባላለች፤ ደብረ ኤልያስ አካባቢ ባለ ጤና ጣቢያ አዋላጅ ነርስ ናት። አባቷ አያ አድማሱ ከከተማው ወጣ ብለው የሚያርሱ፣ ንግግራቸው ቁጥብ፣ ሰውን በዓይናቸው የሚመዝኑ ገበሬ ናቸው። ከእኛ በፊት የመጡ ሽማግሌዎችን ውሃ እንኳ ሳያቀምሱ መልሰዋል ይባላል። ጌትነት «እምቢ ካሉ አገር ጥዬ እጠፋለሁ» ብሎኛል፤ ቀልድ የሚባል ነገር ደግሞ አያውቅም። አባታችን በሕይወት ስለሌለ ከሁለት ሽማግሌዎች ጋር የአባትን ቦታ ይዤ የምሄደው እኔ ነኝ። ሥራዬ ባዮሎጂ ማስተማር ነው። ይህችን ልብ በሉልኝ፣ መዘዙ ሁሉ የሚመጣው ከእሷ ነው።

በሽምግልናው ዋዜማ ከአዲስ አበባ ስመለስ ጉንፋን ይዞኝ ነበር። ዓባይ በረሃን ስትወርዱ ጆሮ ድፍን እንደሚል ታውቃላችሁ። ተሳፋሪው ሁሉ ምራቁን ይውጣል፣ ማስቲካ ያላምጣል፣ አፉን ይከፋፍታል፤ ከዚያ ጧ ይልለትና ወሬውን ይቀጥላል። እኔም ዋጥሁ፣ አላመጥሁ፣ ከፈትሁ። ምንም የለም። ድልድዩን ተሻግረን ደጀን ወጣን። መኪናው ወጣ፣ ተሳፋሪው ወጣ፣ ጆሮዬ ግን በረሃው ውስጥ ቀረ። ቤቴ ስገባ መቀመጥ አቃተኝ። ከሳሎን ወደ ጓዳ፣ ከጓዳ ወደ በረንዳ እመላለሳለሁ፤ የራሴ ድምፅ እንስራ ውስጥ ሆኜ የማወራ ይመስል ወደ እኔው ይመለሳል። ባለቤቴ «ነገ ሽማግሌ ነህ፣ እባክህ አንድ ቦታ ቁም» ትለኛለች። አፏ ሲንቀሳቀስ ስላየሁ ነው እንጂ ብዙም አልሰማኋትም።

አሁን ስለዚህ ነገር ትንሽ ላስረዳ፤ ሳላስረዳ ማለፍ አልችልም። ጥፋቱ የጆሮ አይደለም። ከጆሮ ታምቡር ጀርባ ካለችው ትንሽ ክፍል ተነሥቶ ወደ ጉሮሮ ጀርባ የሚወርድ ቀጭን ቱቦ አለ። አየር ወደ ጆሮ ውስጥ የሚገባው በእሱ በኩል ነው። አብዛኛውን ጊዜ ዝግ ሆኖ ይቆይና ስንውጥና ስናዛጋ ለቅጽበት ይከፈታል። ጉንፋን ሲይዘን ያብጥና አልከፈትም ይላል። እንግዲህ ፍረዱኝ። ምራቄ አልቋል፤ ሽማግሌ ሆኖ ሰው ቤት ማስቲካ ማላመጥ ነውር ነው፤ ከማዛጋት ሌላ ምን ቀረኝ?

እሑድ ከቅዳሴ በኋላ አያ አድማሱ ቤት ደረስን። «ግቡ» ስንባል ገባን፣ «ተቀመጡ» ስንባል በደንቡ መሠረት «ጉዳያችን ሳይሰማ አንቀመጥም» አልን። መቆሙ ለኔ ተስማማኝ፣ እግሬን እያፈራረቅሁ ያዝ ለቀቅ አደርጋለሁ። ተናጋሪያችን አያ ውበቱ ናቸው፤ ሽምግልና ያረጁበት ሰው ናቸውና ልጅዎን ለልጃችን ብለው አሳምረው ጠየቁ። አያ አድማሱ «እስቲ ዘራችሁን ቁጠሩልኝ» አሉ። ይህ የሚጠበቅ ነው። እስከ ሰባት ቤት ዝምድና እንደሌለ መጣራት አለበት፤ በዘር ውስጥ የሚያሠጋ ነገር ካለም በዚያው ይፈተሻል።

ቆጣሪው እኔ ነኝ። የአባቴን ስም ጠራሁ፣ በሰላም አለፈ። የአያቴን ስም ስጠራ መንጋጋዬ ከፈቃዴ ውጭ ተለቀቀ። ዓይን የሚያስለቅስ፣ ጉሮሮ የሚያሳይ ማዛጋት አዛጋሁ። ጆሮዬ ሊከፈት ትንሽ ሲቀረው ተመልሶ ተዘጋ። ተስፋ ክፉ ነው፤ ቅድመ አያቴ ላይ ደገምሁት። የቅድመ አያቴ አባት ላይ ስደርስማ እጄም አብሮ ተንጠራራ።

አያ አድማሱ ወንበራቸውን ወደኋላ ሳብ አደረጉ። «መምህር፣ በአያቶችህ ስም ላይ ምን ያዛጋሃል?» አሉኝ። አያቶቼ ንብ ከማነብ በቀር ሰው የማይነኩ ሰዎች ነበሩ፤ ግን የሙታንን ስም በጠራ ቁጥር የሚያዛጋ የልጅ ልጅ ካላቸው ማን ያምንላቸዋል?

«ጉንፋን ነው» ብዬ ዝም ብል ነገሩ እዚያው ያልቅ ነበር። መምህር ግን እንዲህ አጭር መልስ ከየት ያመጣል? ይህ የቱቦ ጉዳይ ነው ብዬ ጀመርሁ። ፅንሱ ገና ምስር ሲያክል፣ እናቱ መፀነሷን በቅጡ ሳታውቅ፣ አንገቱ አካባቢ እጥፋት እጥፋት እንደሚያወጣ፤ ጉሮሮው ውስጥ በግራና በቀኝ እንደ ኪስ ያሉ ጎድጓዶች እንደሚታዩ፤ የመጀመሪያው ኪስ ወደ ጎን እየተዘረጋ ወደ ጆሮ እንደሚጓዝ፤ ጫፉ ሰፍቶ የታምቡሩ ጓዳ፣ ወደ ጉሮሮ ያለው በኩል ጠብቦ ደግሞ ይኸው ቱቦ እንደሚሆን ሁሉንም ዘረዘርሁ። በሕፃናት ላይ አጭርና ጋደም ያለ በመሆኑ ጆሯቸው ቶሎ እንደሚታመም ጨመርሁ። በእጄም በአየር ላይ ሣልሁላቸው። አያ ውበቱ በክርናቸው ጎሸም አደረጉኝ፤ አይዞህ ቀጥል ያሉኝ መሰለኝና ቀጠልሁ።

አያ አድማሱ እስኪበቃኝ አዳመጡኝ። ከዚያ ረጋ ብለው «ስለዚህ ከእናትህ ማህፀን ጀምሮ ነው የያዘህ» አሉ። የለም፣ የያዘኝ ነገር አይደለም፣ ማንም ሰው አለው አልሁ። «ወንድምህስ?» አሉ። እሱም አለው እንጂ፣ እንዴት ይቀርበታል አልሁ። አያ ውበቱ ዓይናቸውን ጨፈኑ።

በዚህ ላይ ማዛጋት ይጋባል። መጀመሪያ አያ ውበቱን ያዛቸው፤ እታገላለሁ ብለው ነበር፣ አልቻሉም። ሌላኛው ሽማግሌ ተከተሏቸው። የቤቱ እመቤት በነጠላቸው አፋቸውን ሸፈኑ። በመጨረሻ ራሳቸው አያ አድማሱ አፋቸውን ከፍተው መዝጋት አቃታቸው። ቤቱ በስመ አብ በስመ አብ ሆነ። ሴትዮዋ «ይኸው ወደ እኛም ገባ» ብለው ከዲማ ገዳም የመጣው ጠበል እንዲወጣ አዘዙ። ያኔ እውነቱን ልንገራችሁ፣ ፈራሁ። አገር ጥዬ እጠፋለሁ ያለው ወንድሜ ፊቴ ላይ ድቅን አለ። በአንድ ጆሮ የተነሣ የሰው ትዳር ሳይጀመር ላፈርሰው ነው ብዬ የምቆምበት ጠፋኝ።

ጠበሉን በጣሳ ይዛ የወጣችው ስንታየሁ ራሷ ናት። የተጠየቀች ልጅ ሽማግሌ ፊት አትወጣም፤ ግን በዚያ ትርምስ ደንቡን ማን አስታወሰ? ከጓዳ ሆና ሁሉንም ስትሰማ ኖራለች። ፊቴን አየች፣ ያበጠ አፍንጫዬን አየች፣ ጣሳውን ሰጠችኝና «ጋሼ፣ አፍንጫዎን ይያዙና በትልልቁ ይዋጡ» አለችኝ። አባቷ አፍንጫ መያዙ ለምን እንደሆነ ጠየቋት። ዓይኗን ሳታርገበግብ «የወጣው በዚያ እንዳይመለስ ነው አባዬ» አለቻቸው።

አፍንጫዬን ይዤ ዋጥሁ። ደገምሁ። ድንገት ጧ አለ። ከዓባይ በረሃ ጆሮዬ ተመልሶ መጣ፤ የዶሮው፣ የበሬው ድምፅ፣ የሴትዮዋ ጸሎት ሁሉ በአንዴ ገባልኝ። ሳላስበው «ተከፈተ» አልሁ። አያ አድማሱ «ወጣ» አሉ።

እኔ ደግሞ ላስተካክል አፌን ከፈትሁ። የወጣ ነገር የለም፣ አፍንጫ ተይዞ ሲዋጥ የአየሩ ግፊት ስለሚለወጥ ነው ልላቸው ነው። ስንታየሁ አየችኝ። አዋላጅ ምጥ ላይ ያለችን ሴት «አሁን አትግፊ» ስትል የምታይበት ዓይን ነበር። ያዘጋጀሁትን ትምህርት ሁሉ እንዳለ ዋጥሁት።

አያ አድማሱ ከዚያ በኋላ ሌላ ሰው ሆኑ። ቤታቸው ገብቶ የዳነ ሰው ባዶ እጁን አይመለስም ብለው፣ በቀጠሮ ሳያመላልሱ በዚያው ቀን ልጃቸውን ሰጡን። አያ ውበቱ ስንመለስ መንገድ ላይ፣ ሽምግልና በሄዱበት ዘመን ሁሉ እንዲህ ያለ ነገር አይተው እንደማያውቁ ነገሩኝ። ምስጋና ይሁን ወቀሳ እስካሁን አልለየሁትም።

ሰሞኑን አያ አድማሱ ደወሉልኝ። ስንታየሁ ፀንሳለች። ድምፃቸው እንደዚያ ቀን የሚመዝን ድምፅ አልነበረም፤ ይጣደፋሉ። «መምህር፣ ያ ኪስ ያልኸው ወደ ጆሮ የሚሄደው በስንተኛው ወር ነው? ጠበሉን ቀድሜ ላደርስላት ነው፤ ጊዜው ያልፈኝ ይሆን እያልሁ ቤት መቀመጥ አቃተኝ» አሉኝ። ልቤ ተነካ። ምስር ለማታክል የልጅ ልጅ፣ ከምስርም ለሚያንስ ቱቦዋ፣ ያ ኮስታራ ሰው እንቅልፍ አጥተዋል። በተቻለኝ ሁሉ አጽናናኋቸው። አይጨነቁ፣ ይህ ቱቦ ማንም ሳይነካው፣ ማንም ሳይነግረው፣ ጊዜውን ጠብቆ ራሱን በራሱ የሚሠራ ነው አልኋቸው።

የጠበሉን ዕቃ መሬት ሲያስቀምጡት በስልኩ ተሰማኝ። 

«ታዲያ ራሱን በራሱ የሚሠራ ከሆነ» አሉ አያ አድማሱ፣ «ያን ቀን ያን ሁሉ ምን አስወራህ?»